ክሮቼራው በእጄ፣ ዘንጉ በጎርፍ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ መኪና የሚሄደው በምንድን ነው?

በሞተር ነው የምትሉ አላችሁ። በቤንዚን ነው የምትሉም አትጠፉም። እኔም አሥረኛ ክፍል ጨርሼ እስክወጣ ድረስ ከእናንተ አልሻልም ነበር። የሳይንስ መምህራችን የሞተርን ሆድ ዕቃ በቀይና በነጭ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ አሳምሮ ሥሎልናል። ሞተሩ እንዴት እንደሚነሣ አስረዳን። ጉልበቱ በየት አድርጎ የኋላ ጎማ ዘንድ እንደሚደርስ ሊነግረን አፉን ሲከፍት ደወል ተደወለ። ከሁሉም ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ። ያ ደወል ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ።

ለካ ጉልበቱ የሚሄደው በዘንግ ነው። ከመኪናው ሆድ ሥር፣ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጋ ረጅም የብረት ቱቦ አለ። ሞተሩ ቱቦውን ያሽከረክራል፤ ቱቦው ጎማውን ያሽከረክራል። ቱቦው ከሌላው አካል ጋር የሚያያዘው ደግሞ የመስቀል ቅርጽ ባላት፣ ከቡጢ በማትበልጥ ብረት ነው። መካኒኮቹ ጣልያን ጥሎላቸው በሄደው ቋንቋ ክሮቼራ ይሏታል። ቤት የሚያህል መኪና፣ የባለቤቱ ሀብት፣ የሾፌሩ ኩራት፣ ሁሉም በዚያች ብረት ላይ ነው የተንጠለጠለው። ይህን ያወቅሁ ዕለት መምህሬን ታዘብኩት። መጀመር ያለበት ከዚያ ነበር።

የአክስቴ የእትዬ አስካለ ሀብት አንዲት የጭነት መኪና ናት፤ ከሟች ባሏ የወረሰቻት። ጣልያን ለጦርነት አምጥቷት ሲሸነፍ ጥሏት ሄደ። ሰዉ ሁሉ «አሮጊቷ» ይላታል። አንደኛው በሯ የሚዘጋው በገመድ ነው። ጥሩንባዋ ከሞተ ስለቆየ ሾፌሯ ዓብዲ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ራሱ ይጮኻል፤ በሱማሊኛ፣ በኦሮሚኛ፣ በአማርኛ፣ እንደ እግረኛው መልክ። እኔ የጭነት ተቆጣጣሪ ነኝ። ማዕረጉን የሰጠችኝ አክስቴ ናት። ሥራው ምን እንደሆነ እስካሁን ሁለታችንም በደንብ አላወቅንም።

ማዕረጉ ግን ያስፈልገኝ ነበር። አባቴ ሚኤሶ ነው የሚኖረው። ትምህርቴን እንደ ጨረስኩ «ትምጣ» ሲል አክስቴ «መኪናዬ ላይ ተቆጣጣሪ ሆናለችኮ!» አለችው። አባቴ «ተቆጣጣሪ» የሚል ቃል ሲሰማ ኮፍያውን የሚያነሣ ሰው ነው። «እንግዲያው ትሥራ» አለ፤ «መኪናዋ የቆመች ዕለት ግን ልጄን እራሴ መጥቼ እወስዳለሁ።» ሚኤሶን በክፉ አላነሣትም፤ የተወለድኩባት ናት። ግን እዚያ ቀኑን ሙሉ የሚወራው ባቡሩ ማለፉ ነው። እዚያ ደግሞ የእናቴን ወጥ ከልክ በላይ የሚያደንቅ አንድ ሚስቱ የሞተችበት እህል ነጋዴ አለ። ወጡን አላየሽውም እንዳትሉኝ፤ ስበላው ነው ያደግሁት፤ ያን ያህል የሚያስደንቅ አይደለም። ሰውዬው የሚመላለሰው ለወጡ አልነበረም።

ስለዚህ አሮጊቷ ከሄደች እኔ ድሬዳዋ ነኝ። ከቆመች ሚኤሶ ነኝ። ነገሩ ይኸው ነው።

ድሬዳዋን ለማታውቁ ደግሞ ደቻቱን ላስተዋውቃችሁ። ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍላት ወንዝ ነው። ወንዝ ያልኩት ለክብሩ ነው፤ ውሃ የለውም። አሸዋ ነው። ግመል ያልፍበታል፣ ጋሪ ያልፍበታል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ከተማው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ወደ ሐረር በኩል ደንገጎ ተራራ ላይ ይዘንብና ደቻቱ ወንዝነቱ ትዝ ይለዋል። ትዝ ያለው ዕለት ፊቱ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው።

ከባቡር ጣቢያው ሽንኩርት አራግፈን ባዶዋን ወደ መጋላ ስንመለስ ነበር። ዓብዲ እንደ ልማዱ ድልድዩን ትቶ በአሸዋው ገባ። ድልድይ መንዳት ለማይችል ነው ይላል። መሀል ላይ የኋላ ጎማዎቹ ሰመጥ አሉ። ዓብዲ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠው። አሮጊቷ አጓራች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ከሆዷ «ጓ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ሞተሩ መዝፈኑን ቀጠለ፤ ጎማዎቹ ግን መስማታቸውን አቆሙ።

«ናያ፣ ውረጂና እይ» አለኝ ዓብዲ፤ ናያ በሱማሊኛ «አንቺ» ማለት ነው።

«አንተስ?»

«ላይ የሾፌር ነው። ታች የመካኒክ ነው።»

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

«አንቺ ተቆጣጣሪ ነሽ። ተቆጣጠሪ።»

ወርጄ አየሁ። የዘንጉ አንደኛ ጫፍ ተለቅቆ አሸዋ ላይ ተሰክቷል፤ እንደ ማረሻ። ክሮቼራዋ ክንዷ ተሰብሮ አጠገቡ ወድቃለች።

አክስቴ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሷት ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ መጣች። መኪናዋን አላየችም። ዓብዲንም አልተሳደበችም፤ ያ ለኋላ ነው። መጀመሪያ ያየችው ደንገጎን ነበር። ደንገጎ አናት ላይ እንደ ብረት ምጣድ የጠቆረ ደመና ተቀምጧል።

«መካኒኩን ዘርጋውን አምጪ» አለችኝ። «አሁኑኑ! ውሃው ሳይመጣ!»

«አክስቴ፣ ሰዓቱ እኮ...»

«ሰዓቱን አውቃለሁ!»

ሰዓቱ ቀትር ነበር። ድሬዳዋ ቀትር ላይ ሰው አይሠራም፤ ጫት ይቅማል። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰሌን ይነጠፋል፣ ትራስ ይደረደራል፣ በርጫው ይጀመራል። ሲጀመር ትልቁ ሰው ዱዓ ያደርጋል፤ ዱዓ ከተደረገ በኋላ ደግሞ መዝጊያው ዱዓ ሳይደረስ ተነሥቶ መሄድ ነውር ነው። ቤቱ እሳት ቢይዝ የሚነሣው የቤቱ ባለቤት ብቻ ነው፤ እሱም ይቅርታ ጠይቆ።

ጋሽ ዘርጋው የሚቅመው አባ ኡመር የተባሉ የጨርቅ ነጋዴ ቤት ነው። ዕድሜውን ባቡር ጥገና ውስጥ ፈጅቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሐዲድ ላይ የማይሄድ ነገር ሁሉ ለእሱ ጊዜያዊ ነው። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ሴት ልጅ በርጫ ላይ እንዲህ ዘው ስትል የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም፤ አንዱ ሰውዬ እግሩን ለመሰብሰብ ሲጣደፍ የውሃውን ማሰሮ ደፋ።

«ጋሽ ዘርጋው፣ አሮጊቷ ደቻቱ መሀል ክሮቼራዋ ተሰብሮ ቆማለች። ደንገጎ ጠቁሯል። ተነሣ።»

«ገና አልመረቀንኩም፣ ልጄ» አለኝ በትዕግሥት፤ ሕፃን እንደሚያስረዳ። «ሳይመረቅን መኪና ሥር የሚገባ መካኒክ ዕውር ነው። የሚያየው ብረት ብቻ ነው።»

«ብረት እኮ ነው የተሰበረው!»

አባ ኡመር ጢማቸውን ዳሰሱ። «ዱዓ ተደርጓል፣ አንቺ ልጅ። ሰው ከመሀል አይነቀልም። ጥርስ ነው እንዴ?»

ያን ጊዜ ነው የተማርኩት ሁሉ ያልሰጠኝ ብልሃት የመጣልኝ። «ከመሀል አይነቀል» አልኩ። «ሁላችሁም ኑ። አሮጊቷ ትልቅ ናት፤ ሥሯ ጥላ ነው። ደግሞ መሀል ወንዙ ላይ ስለሆነች ንፋስ አለ።»

በዚያ ሐሩር፣ በዚያ በታፈነ ክፍል፣ ንፋስ የሚለው ቃል ብቻውን ራስ ያዞር ነበር።

«ከላይ ነው ከታች የሚነፍሰው?» አሉ አባ ኡመር።

«ከሁለቱም።»

«አቦ!» አለ አንዱ፣ ትራሱን ብድግ አድርጎ።

እንደ ታቦት ነበር የሄድነው ብል ሁለቱም ሃይማኖት ይቆጣኛል፤ ግን እንደዚያው ነበር። ፊት ፊት አባ ኡመር፣ ከኋላቸው ሰሌን የተሸከመ፣ ትራስ ያቀፈ፣ ማሰሮ ያንጠለጠለ፣ ራዲዮ የያዘ፤ ጫታቸውን በብብታቸው፣ ሽርጣቸውን ሰብስበው። የመጋላ ሰው በየበሩ ቆሞ አየን። የሞተ ሰው ያለ መስሏቸው የተከተሉንም ነበሩ፤ ደርሰው ሲያዩት አብረው ተቀመጡ።

አክስቴ መካኒክ ስትጠብቅ ሠፈር መጣላት። «ይኼ ምንድን ነው?» አለችኝ በጥርሷ።

«ጋሽ ዘርጋው ነው፤ ብቻውን ስለማይነቀል ከነአፈሩ ነው ያመጣሁት።»

ቦታው ወጣ ገባ ሆነባቸው። ስለዚህ በጎማዎቹ ዙሪያ የተከመረውን አሸዋ ዛቁት፤ ለመቀመጫ እንዲመቻቸው ብለው፣ በእጃቸው፣ በሳህን፣ በጫማ። ለሥራ ብትጠሯቸው አንድ ጭብጥ የማያነሡ ሰዎች ደልዳላ አዳራሽ ሠሩ። ሰሌኑን ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ዘረጉት። እውነቴን ነበር፤ ንፋስ ነበረው።

ጋሽ ዘርጋው በደረቱ ተስቦ ገባ፤ አንደኛው ጉንጩ በጫት አብጧል። ዘንጉን ከሌላኛውም ጫፍ ፈትቶ አወረደው። የተሰበረችውን ክሮቼራ አገላብጦ አያት፤ «ነፍስ ይማር» አለ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው። «ቤቴ አንድ አለች። ደህና ናት። ሚስቴን ጠይቂያት፤ ማድጋ ላይ ናት።»

ሮጥኩ። ክሮቼራዋ እውነትም የማድጋው ክዳን ላይ ተጭናለች፤ ፍየል እንዳይከፍተው። ሚስቱ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ለማድጋዬስ ምን ልጫን?»

«ድንጋይ ፈልጊያ!»

«ድንጋይ ይሽከረከራል። ይቺ አራት እግር አላት፤ አትነቃነቅም። ለመኪና ሲሏት ለማድጋ የተሠራች ናት።»

ቤቴ ቅርብ ነበር። ሄጄ የጂኦግራፊ መጽሐፌን አምጥቼ ክዳኑ ላይ ጣልኩላት። ሚዛኑን በእጇ አይታ ተስማማች። ትምህርት ይከብዳል ሲሉኝ ኖረዋል፤ ሲጠቅም ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው።

ክሮቼራዋን ይዤ ስመለስ ዘንጉ አልጋ ሆኗል። በስተኋላ አጋድመውት፣ ትራስ ደርድረውበት፣ አባ ኡመር ከነሙሉ ክብራቸው ተደግፈውታል። ዓብዲም ከጋቢናው ወርዶ ከመሀላቸው ተቀምጧል፤ በጉንጩ እንዳየሁት ከተቀመጠ ቆይቷል።

«ጋሽ ዘርጋው፣ ይኸው።»

«ጎሽ! ቁጭ በይ።»

ምርቃናው ገብቶ ነበር። የመረቀነ ሰው የተሰበረ ብረት አይጠግንም፤ ዓለምን ነው የሚጠግን።

«ስሕተቱ ክሮቼራው አይደለም» አለ ጋሽ ዘርጋው። «ስሕተቱ መሪው ነው። ባቡር መሪ አለው? የለውም። ለምን? ወዴት እንደሚሄድ ያውቃላ! ለአሮጊቷ ሐዲድ ነው የሚያስፈልጋት።»

«ደቻቱ ጣሪያ ቢሠራለትስ?» አለ ሌላው። «ከሥሩ ውሃው፣ ከላዩ ገበያ።»

«ውሃውን ወደ ጅቡቲ እንሸጠዋለን» አለ ዓብዲ፤ «ሽያጩን ለእኔ ተዉት፤ እዚያ ዘመዶች አሉኝ።»

«ወላሂ፣ ጅቡቲ ውሃ የላትም!»

እኔ ክሮቼራዋን ይዤ እንደ ቆምኩ ነኝ። አክስቴ ዳር ላይ ቆማ ደመናውን ታያለች። መጨረሻ ላይ ጋሽ ዘርጋው ቸርነት ተሰማውና «በሉ ዘንጉን ልቀቁልኝ፣ ልግጠመው» አለ።

አባ ኡመር አልተንቀሳቀሱም። «ከተገጠመ በኋላ ምን ትሆናለች?»

«ትሄዳለቻ።»

«እሷ ስትሄድ ጥላውስ?»

ማንም አላሰበበትም ነበር። ሁሉም ቀና ብለው የአሮጊቷን ሆድ አዩ፤ የቤታቸው ጣሪያ ሊፈርስባቸው እንደ ሆነ ሰዎች። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ጋሽ ዘርጋው ቁልፍ ሲጠይቅ መዶሻ ያቀብሉታል፤ መዶሻ ሲጠይቅ ውሃ። እሱም አልተከፋ። ውሃውን ጠጥቶ ስለ ሐዲድ ቀጠለ።

መጀመሪያ የሰማችው ማገዶ ተሸክማ በዳር የምታልፍ የኦሮሞ ሴት ናት። ሸክሟን ጥላ «ሎላ! ሎላ!» ብላ ጮኸች። ሎላ ጎርፍ ማለት ነው፤ ግን ትርጉም የጠበቀ ሰው አላየሁም። ወዲያው እኛም ሰማነው፤ ከሩቅ፣ ባቡር ድልድይ ላይ ሲያልፍ እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ።

ዱዓ ሳይደረግ አይነሣም ያሉኝ ሰዎች ተነሡ። እንዴት እንደ ተነሡ አልነግራችሁም፤ ብዙዎቹ የተከበሩ ነጋዴዎች ናቸው። እያንዳንዱ የራሱን ብድግ አድርጎ ዳር ወጣ። ጫቱ ወጣ፣ ትራሱ ወጣ፣ ማሰሮው ወጣ፣ ራዲዮው እየዘፈነ ወጣ። ከኋላቸው አሮጊቷ ብቻዋን ቀረች።

ብቻዋን አይደለችም። አክስቴ ጋቢናው ውስጥ ገብታ በሩን በገመድ ከውስጥ አሰረች።

«አዬ አስካለ፣ ውረጂ!» ዓብዲ ጮኸ።

«አልወርድም! ጥላዋን ስትበሉ ውላችሁ እሷን ለውሃ? ከሷ ጋር እሄዳለሁ! ጅቡቲ ላይ ተቀበሉኝ!»

አባ ኡመር ትራሳቸውን ጣሉ። ሽርጣቸውን ወደ ላይ ሸመቀቁና ተመልሰው ወደ ወንዙ ገቡ። ሁሉም ተከተላቸው። የምርቃና ጉልበት ምን እንደሚያህል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጎማዎቹን ለመቀመጫ ብለው ዝቀው ነፃ አውጥተዋቸዋል። ሰሌኑ ከጎማዎቹ ፊት እንደ ተነጠፈ ነው። «ያ አላህ!» «በስመአብ!» ተባብለው ሲገፏት አሮጊቷ በሰሌኑ ላይ እንደ ሙሽራ ተንሸራታ ወጣች፤ ሰሌኑን ከኋላ እያነሡ ከፊት እያነጠፉላት፣ እስከ መጋላው ዳር፣ እስከ ዳገቱ አናት። የደቻቱ ውሃ ከኋላችን ደርሶ ቦታችንን ያዘ፤ ቡናማ፣ ወፍራም፣ ዛፍ የተሸከመ።

ተቃቀፍን። አክስቴ እየተሳደበች አለቀሰች።

«ዘንጉን ብገጥመው ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አትንከባለልም ነበር» አለ ጋሽ ዘርጋው፣ እያለከለከ። «ይኼ ሁሉ ታስቦ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ሁላችንም ስለ ዘንጉ ያሰብነው። ትራሱ ወጥቷል፣ ማሰሮው ወጥቷል፣ የጫቱ ትራፊ፣ ገራባው ሳይቀር ወጥቷል። ዘንጉ ግን እንደ ተጋደመ ቀርቶ ወደ ሱማሌ በረሃ ጉዞ ጀምሯል። እጄን ከፈትኩት። ክሮቼራዋ መዳፌ ላይ አራት ክንዷን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ደህና፣ ጠንካራ፣ የምታያይዘው ነገር የሌላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት ለሁሉም ተመቸ፤ ከእኔ በቀር። በማግስቱ ቀትር ላይ አባ ኡመር ሰሌናቸውን ይዘው መጡና ከአሮጊቷ ሥር አነጠፉ። «እኛ ነን ያወጣናት» አሉ፤ ነገሩ በዚህ ተቆረጠ። አክስቴ ዝም ብላ የምታይ ሴት አይደለችም፤ በሦስተኛው ቀን የሻይ ማንቆርቆሪያ አመጣች። ተቆጣጣሪዋ ሻይ ቀጂ ሆነች። የሻይ ቤቱን ስም ብጠይቃችሁ መገመት አያቅታችሁም፤ «አሮጊቷ ዘንድ» ይባል ጀመር።

እኔ ሻይ ሳልቀዳ ጋቢናው ውስጥ ነኝ። ዓብዲ በመስኮት በኩል መንዳት ያስተምረኝ ነበር፤ ሥራ ፈቷልና። ሞተር አስነሣለሁ፣ ፍሪሲዮን እረግጣለሁ፣ ማርሽ አስገባለሁ፣ ዘንግ ስለሌላት የትም አትሄድም። ታጥፌ፣ ተመልሼ፣ በሐሳቤ ጅግጅጋ ደርሼ መጥቻለሁ። «ጎበዝ ሾፌር ነሽ» ይለኝ ነበር ዓብዲ፤ «የጎደለሽ መሄድ ብቻ ነው።» ከሥር ያሉት ደግሞ ጭሱ ሲያስቸግራቸው የመኪናዋን ወለል በጡጫ ይመታሉ።

ከዚያ አባቴ ላከ። ሚኤሶ የደረሰው ወሬ «ልጅህ መኪና ሥር ለጫት ቃሚዎች ሻይ ትቀዳለች» የሚል ነበር። ሐሰት ነው እንዳልል፣ አንድም ቃል አልተጨመረበትም። «በቅዳሜው ባቡር እመጣለሁ» አለ። «ዕቃዋን ታዘጋጅ።»

በዚያው ሳምንት ዓብዲ ከወንዙ ታች፣ ሽንሌ ዘመዶቹ ዘንድ ሄዶ ነበር። አንዲት ባልቴት ጎጆ ውስጥ ሸሚዙን አውልቆ ሊሰቅል ሲል የጎጆውን ምሰሶ አየው፤ ዘንጋችን ነው። «ሰላም ሊለኝ ምንም አልቀረውም» ይላል። ወንዙ ያወጣልኝ ነው አለች ባልቴቲቱ። ዓብዲ ደህና እንጨት ቆርጦ ጎጆዋን ካቆመላት በኋላ ዘንጉን በግመል ጭኖ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ይዞት ገባ።

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። አባ ኡመርና ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው አክስቴ ፊት ቆሙ፤ ሽምግልና መጥተው ነው።

«አስካለ፣ እግዜር ያቆማትን አትንኪ» አሉ።

«እግዜር አይደለም ያቆማት፣ ዓብዲ ነው።»

«ሻይሽ ደህና ይሄዳል። መኪና ግን ዛሬ ክሮቼራ፣ ነገ ጎማ ነው። ሻይ ክሮቼራ የለውም።»

አክስቴ ዝም ስትል እያሰላች ነው። ወደ እኔ አየች። እኔ ደግሞ ክሮቼራዋን ክረምቱን ሙሉ በኪሴ ይዣት ነው የከረምኩ፤ አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኳት። በሕይወቴ ዝም ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ለዚህም ይሆናል የደነገጠችው።

«ዘርጋው» አለች፣ «ግጠም።»

የጋሽ ዘርጋው ጭንቅ ከሁላችንም ይብስ ነበር። ሳይመረቅን ዕውር ነው፤ ከመረቀነ ደግሞ የበርጫው ወገን ነው። ስለዚህ ከወገኖቹ መሀል ተቀምጦ፣ ዱዓው ከተደረገ በኋላ፣ ጀርባውን ለሰሌኑ ሰጥቶ ገጠመው። «እጄ ነው የሚሠራ» ይላቸዋል፤ «ልቤ ከእናንተ ጋር ነው።» ክሮቼራዋ ገባች። ቦሎኖቹ ጠበቁ። ማንም አልተነሣም።

የባቡሩ ፊሽካ ከወዲያ ማዶ፣ ከከዚራ ተሰማ።

«ዓብዲ!» አለች አክስቴ። «ተነሥተህ ንዳት፤ ወንድሜ ስትሄድ ይያት!»

ዓብዲ ጉንጩን እንዳበጠ ቀና አለ። «አዬ፣ ዱዓ ተደርጓል።»

ጋቢናው ውስጥ ገባሁ። በሩን በገመድ አሰርኩ። ሞተር፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ። ክረምቱን ሙሉ ያደረግሁትን አደረግሁ። ልዩነቱ የቤቶቹ ነበር፤ ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ።

ዞር ብዬ ያየሁትን አልረሳውም። ጥላው ከላያቸው እንደ ብርድ ልብስ ተገፎ ሲሄድ ሰዎቹ እንደ ተቀመጡ ናቸው፤ በአራት ማዕዘን፣ በፀሐይ መሀል፣ ትራሳቸውን እንደ ተደገፉ። «የተነሣው ጥላው ነው» አሉ አሉ አባ ኡመር፤ «እኛ አልተነሣንም።»

ቁልቁል ወደ ደቻቱ ገባሁ። አሸዋ ላይ የሚሰምጠው የሚያመነታ ነው ይባላል። እኔ ማመንታት እንዴት እንደሚቻል አላውቅም ነበር። በድንጋጤ እግሬ ነዳጁ ላይ ደርቋል። አሮጊቷ አሸዋውን ሰንጥቃ፣ ክሮቼራዋ እየጮኸች፣ ወደ ከዚራው ዳር ወጣች።

ዳሩ ላይ አባቴ ቆሟል። ኮት፣ ኮፍያ፣ ጃንጥላ። አየኝ። አየሁት። ጃንጥላውን ወደ ላይ አነሣ።

«አቁሚ!»

ማቆም ፈልጌ ነበር፤ እመኑኝ። ወርጄ ጉልበቱን ልስም፣ «ይኸው መኪናዋ ትሄዳለች» ልለው። ፍሬኑን ረገጥኩት። ምንም። የአሮጊቷ ፍሬን ደጋግሞ ካልተረገጠ አይዝም፤ ዓብዲ ይህን አልነገረኝም። እንዴት ይንገረኝ? የቆመ መኪና ፍሬን ሁልጊዜ ይይዛል። ክረምቱን ሙሉ የተማርኩት በቆመ መኪና ነው፤ ማቆም የሚባል ትምህርት አልነበረበትም።

በአባቴ አጠገብ አለፍኩ። እጄ መሪው ላይ ስለ ደረቀ አንገቴን ብቻ ሰበር አድርጌ እጅ ነሣሁት። ኮፍያውን ሲያነሣ በመስታወቱ አየሁት፤ ተቆጥቶ ይሁን አክብሮ አልገባኝም።

አሮጊቷን ያቆማት ለግንባታ የተከመረ አሸዋ ነው፤ ከደቻቱ የተዛቀ። ከውስጡ ወጥቼ ስመለስ አክስቴ ብቻዋን ቆማለች።

«ሄደ» አለችኝ። «ባቡሩ ሳይመለስ ልድረስ ብሎ።»

«ምን አለ?»

«'መልሷን ሰጠችኝ' አለ። 'ዓይን ዓይኔን እያየች አልፋኝ ሄደች። እንዲህ ያለችውን ማን ይወስዳታል?'»

ሚኤሶ እስከ ዛሬ ይህን ያወራል። እህል ነጋዴውም ሰምቶ የእናቴን ወጥ ማድነቅ ትቷል። ዘመዶቼ በመጡ ቁጥር እንዴት ያን ያህል ደፈርሽ ይሉኛል፤ እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ ሻይ እቀዳላቸዋለሁ። ዓብዲ ማቆም ያስተማረኝ በማግስቱ ነው። ይህን ግን ለአባቴ ማንም እንዳይነግርብኝ።